በሥራ መዘርዝሩ ላይ ያልሰፈረው ሥራ

አንዲት የባንክ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ወረፋው አብሯት አይወጣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ተተኪ ካልተመደበ ግን መስኮቷን የሚሸፍነው የባልደረቦቿ ፈቃደኝነት ነው። አንዷ የምሳ ሰዓቷን ታሳጥራለች፤ ሌላዋ የራሷን ሒሳብ ዘግታ፣ ገንዘብ የጎደለባትን ጓደኛዋን ለማገዝ ታመሻለች።

ይህን ከግዴታ ያለፈ ትብብር ተመራማሪዎች «የመሥሪያ ቤት ዜግነት ባህርይ» ይሉታል። አን ስሚዝ፣ ዴኒስ ኦርጋንና ጃኔት ኒር የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1983 ጉዳዩን የመረመሩትም ባንክ ቤት ነበር፤ በሁለት ባንኮች 422 ሠራተኞችን አጥንተዋል። በሥራው የረካ ሰው ባልደረባውን ለመርዳት የሚፈጥን ሆኖ ተገኘ። በሰዓት መግባትና ደንብ ማክበር ግን ከእርካታ ጋር ቀጥተኛ ትስስር አልታየባቸውም። አለቆች ልብ ሊሉት የሚገባው ይህንን ነው። ሥራዋ ያስመረራት ሠራተኛም በሰዓቷ ገብታ በሰዓቷ ልትወጣ ትችላለች፤ የሚቀረው እገዛዋ ነው፣ እሱን ደግሞ የሰዓት ፊርማ አያሳይም።

ሴቶች ላይ ሲደርስ ጉዳዩ ይከብዳል። ማደሊን ሃይልማንና ጁሊ ቼን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ባልደረባውን የረዳ ወንድ ከፍ ያለ ግምት ሲያገኝ ያንኑ ያደረገች ሴት አላገኘችም። አልረዳም ስትል ግን ግምቷ ወረደ፤ የወንዱ አልተነካም። ሴት መርዳቷ እንደ ተፈጥሮ ዕዳ ይታሰባል ማለት ነው፤ ይህም ግልጽ በደል ነው።

ታዲያ ሴቶች ለምን እሺ ይላሉ? ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ሙከራ መልስ አለው። ወንዶችና ሴቶች በተቀላቀሉበት ቡድን፣ ማንም የማይፈልገውን ሥራ ለመውሰድ ሴቶች ከወንዶች በ48 በመቶ ይበልጡ ነበር። ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ ግን እነሱም ከሴቶች ቡድን እኩል እጃቸውን አወጡ። ሌላ ሰው እንዲጠይቅ ሲደረግም ጠያቂው ወንድም ሆነ ሴት አብልጦ የሚጠይቀው ሴቶችን ነበር። ልዩነቱን ያመጣው እንግዲህ የሴቶቹ ደግነት ሳይሆን ሁሉም ከእነሱ መጠበቁ ነው።

ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነው፤ ፈቃደኛ ከመጠየቅ ይልቅ ተራ ማውጣት። አዲስ ገቢ ማለማመዱን፣ የቅርንጫፉን ዝግጅት ማስተባበሩንና ፈቃድ የወጣችን ሠራተኛ መስኮት መሸፈኑን ሥራ አስኪያጁ በተራ መድቦ የእያንዳንዱን ድርሻ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጹ ላይ ሊያሰፍር ይችላል። ለዚህ የዋና መሥሪያ ቤት መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም።