ከጫማ ስፌት እስከ መንግሥት አማካሪነት

በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው ማታ ከሥራው ሲመለስ አስቀድሞ የሚጨብጠው የበሩን እጀታ፥ ቀጥሎም የሚከፍተው የውኃውን ቧንቧ ነው። እነዚህን የሠራ እጅ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የነበረ የአንድ ባለሙያ ታሪክ ለቤተ ሰብ ሁሉ ትምህርት ይሆናል በማለት በአጭሩ እናቀርባለን።

ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ተወለደ። በዙሪክ ከተማ ምህንድስና ተምሮ፥ በ1871 ዓ.ም. ሁለት የአገሩን የእጅ ሙያተኞች አስከትሎ አንኮበር ደረሰ። በዚያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። መጀመሪያ የታዘዘው ድልድይ ወይም ሕንጻ እንዲሠራ ሳይሆን አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሰፋ ነበር ይባላል። የተማረው መሐንዲስም ሥራውን ሳይንቅ ሰፍቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ከአውሮፓ ቢመጣ ዋጋው እንደሚረክስ ቢያመለክትም፥ ንጉሡ በአገር ውስጥ መሠራቱን ስለ ፈለጉ ሠርቶ አስረከበ ይባላል።

ከዚህ በኋላ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት አወረደ። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ለማሠራት ፈቃድ ተቀበለ፤ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ። ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ በ1908 ዓ.ም. ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ የድካሙን ፍጻሜ በዓይኑ ለማየት አልታደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ ይበሉ። ጫማ የሰፋው እንግዳ ለሹመት ሲበቃ፥ በዚያው ዘመን ማረሻችንን የቀጠቀጠው የአገራችን ልጅ ጠይብ፥ ቆዳችንን ያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። በማረሻው አርሰን የበላን ሰዎች ልጃችንን ልንድርለት አንወድም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህን ጉዳት ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ነገር ግን አዋጅ በአደባባይ ይነገራል እንጂ ንቀት የሚወለደውም የሚሞተውም በቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ መዶሻና ሞረድ ይዞ የተሰበረ ቁልፍ ሲፈታ ቢያገኙት፥ ይህ ለባለጌ ልጅ ሥራ ነው ብለው እጁን አይምቱት። ይልቁንም አጠገቡ ተቀምጠው ሥራውን ይመልከቱለት፤ የጎደለውን መሣሪያም ይግዙለት። ብዕር የሚይዝ እጅ ክቡር እንደ ሆነ ሁሉ፥ ብዕር የያዘው ሰው የሚገባበትን በር የሠራ እጅም ክቡር ነው።