ቀኑ ይገፋል እንጂ ፈተናው አይቀርም

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የተማረ ሰው «ሲኦሲ» ሲባል ማብራሪያ አይፈልግም። ሥልጠናህን ጨርሰሃል፣ አሠልጣኝህም በቅተሃል ብሎሃል፤ ነገር ግን የማያውቅህ መዛኝ ፊት ቀርበህ በጽሑፍም በተግባርም ካላሳየህ ብቃትህ አይታመንልህም። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተርም እንዲሁ ይመዘናል። የእሱ ሲኦሲ ግን አንዴ ታልፎ የሚረሳ አይደለም፤ ሥራው ላይ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ይመለስበታል።

ነገሩ ከምዕራብ ጎጃም በቆሎና በርበሬ እጅግ የራቀ ይመስላል። ይሁንና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ጉባ ላይ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከቀጣዮቹ የአገሪቱ ዕቅዶች መካከል የኑክሌር ኃይልን ጠቅሰዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶም ኢትዮጵያ ከሩሲያው የኑክሌር ኮርፖሬሽን ከሮሳቶም ጋር ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ወሬው ሁሉ ስለ ሜጋዋት ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ስለሚቀመጠው ሰው እምብዛም አይነሳም። እኔ ዛሬ የማስተዋውቀው እሱን፣ በተለይም ፈተናውንና ከፈተናው ቀን ነፃ የሚደረግበትን ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው አሜሪካ ስለሆነ ምሳሌዬ ከዚያ ነው።

መነሻው አንድ ትንሽ መብራት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ፣ በሁለተኛው ሪአክተር የውኃ ፓምፖች ቆሙ። ግፊቱ ሲጨምር ማስተንፈሻው ቫልቭ በራሱ ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት ነበረበት፤ ተጣብቆ ቀረ። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያለችው መብራት ግን ጠፋች፤ ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቷ የምትናገረው ለቫልቩ የመዝጊያ ትእዛዝ መሰጠቱን ብቻ ነበር፤ በእርግጥ መዘጋቱን አታውቅም። ከመቶ በላይ ማስጠንቀቂያ በአንዴ ሲጮኽ፣ ሰዎቹ ሪአክተሩ ውስጥ ውኃ በዝቷል ብለው በራሱ ተነሥቶ ያቀዘቅዝ የነበረውን የድንገተኛ ውኃ ቀነሱት። ውኃው ግን በተከፈተው ቫልቭ እየወጣ ነበር። ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

እነዚያ ሰዎች ያልተማሩ አልነበሩም፤ ፈቃድ ያላቸው ኦፕሬተሮች ነበሩ። ከዚያ አደጋ በኋላ ኢንዱስትሪው የደረሰበት ድምዳሜ ፈቃድ መያዝና ዛሬ ሌሊት ብቁ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። አሁን በአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ደንብ የኦፕሬተር ፈቃድ ለ6 ዓመት ይሰጣል። በእነዚህ ዓመታት የዳግም ብቃት ሥልጠናው አይቋረጥም፤ አንዱ ዙር ከ24 ወር መብለጥ የለበትም፤ በዙሩ ውስጥ አጠቃላይ የጽሑፍ ፈተና፣ በየዓመቱ ደግሞ የተግባር ፈተና አለ። የሕክምና ምርመራም በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። በሦስት ወር ውስጥ የተወሰነ ፈረቃ ሠርቶ ያላሟላ ሰው፣ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ቢሆንም፣ ቢያንስ 40 ሰዓት በሌላ ኦፕሬተር ሥር ሳይሠራ ወደ ሰሌዳው አይመለስም።

የተግባር ፈተናው የሚካሄደው ሲሙሌተር ላይ ነው። እያንዳንዱ ማብሪያና ማጥፊያ በእውነተኛው ክፍል ባለበት ቦታ ተቀምጧል። መዛኞቹ ፓምፕ ያቆማሉ፣ ቧንቧ ያፈነዳሉ፣ አንዳንዴም ሐሰት የሚናገር ጠቋሚ ይሰጣሉ። የሚመዘነው የእጅ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ የተቀበለው ሰው የሰማውን ደግሞ ተናግሯል ወይ? የመመሪያውን ገጽ ገልጦ ነው ወይስ ከትዝታው ነው የሠራው? አንድ ጠቋሚ ሲያጠራጥረው ሌላውን አይቷል? እያንዳንዱ በግሉ፣ ቡድኑም በቡድንነቱ ይመዘናል። የወደቀ ሰው እንደገና ሠልጥኖ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ከፈረቃው ይነሣል። ሃያ ዓመት የሠራ ቢሆንም።

ታዲያ ፈተናው በቀኑ ሊሰጥ ባይችልስ? ደንቡ ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል። ኮሚሽኑ ከደንቡ ነፃ የሚያደርግ ልዩ ፈቃድ መስጠት የሚችለው ሕግ የሚፈቅደው ሲሆን፣ ሕይወትንና ንብረትን አደጋ ላይ የማይጥል ሲሆን፣ የሕዝብንም ጥቅም የሚያገለግል ሲሆን ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ጣቢያው ነዳጅ ለመቀየር ወይም ለትልቅ ጥገና ሲዘጋ ልምድ ያላቸው ኦፕሬተሮች ሁሉ እዚያው ይፈለጋሉ፤ የፈተናው ቀን ከዚህ ጋር ሲጋጭ ጥቂት ወራት የጠየቁ ጣቢያዎች ነበሩ። ዋናው ጉዳይ የመጣው ግን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ነው። ሲሙሌተር ማለት ሰዎች ተጠጋግተው የሚቆሙበት የተዘጋ ክፍል ነው። ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ደግሞ በገበያ የሚገኝ ሰው አይደለም፤ አንድ ቡድን ተያይዞ ቢታመም ጣቢያውን ማን ይይዘዋል? ስለዚህ በርካታ ጣቢያዎች የፈተና ቀን እንዲራዘምላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ፈተናው ግን አልተሰረዘም። የተገፋው ቀኑ ነው፤ እሱም እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ ተወስኖ።

ለእኔ ከፈተናው ይበልጥ የሚገርመኝ ይህ ነው። ማመልከቻው ምክንያቱን ይዘረዝራል፤ ውሳኔው ሦስቱን መስፈርቶች አንድ በአንድ እያነሳ ይመልሳል፤ ሁለቱም ለሕዝብ ይወጣሉ። የእኛን ቢሮዎች አሠራር የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱ ይገባዋል። እኛ ዘንድ ከደንብ ነፃ መሆን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሰው በሰው ነው፤ ወረቀት ካለውም «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» በሚል ደብዳቤ ያልቃል።

የአሜሪካውን አሠራር እንከን የለሽ ለማስመሰል አይደለም። ብዙ ተመሳሳይ ጥያቄ በአንድ ወቅት ሲመጣ መልሱም በአንድ ቅርጽ የተቀዳ ወደመሆን ያዘነብላል፤ ያኔ ሦስቱ መስፈርቶች ጥያቄ መሆናቸው ቀርቶ የደብዳቤ መደበኛ አንቀጽ ይሆናሉ። ያልተለማመዱት ክህሎትም ይደበዝዛል፤ ለሌሊት 10 ሰዓት የተዘጋጀ ሰው ፈተናው ስድስት ወር ሲዘገይበት ያው ሰው ነው የሚሉትን አላምንም።

ኢትዮጵያ የጨረራ መከላከያ ሕግ ካወጣች ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲም አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በእ.ኤ.አ. 1957 ነው። እስካሁን ቁጥጥሩ ያተኮረው እንደ ሆስፒታል ኤክስሬይ ባሉ የጨረር ምንጮች ላይ ነው። ለሪአክተር ኦፕሬተር የሚሆን ደንብ ሲረቀቅ፣ አርቃቂዎቹ ስለ ፈተናው ብቻ ሳይሆን ስለ ልዩ ፈቃዱም ከመጀመሪያው ይጻፉ፦ ማን ይሰጣል፣ በምን መስፈርት፣ እስከ ስንት ወር፣ የት ታትሞ ይነበባል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት ለአመልካቹ ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚሆነው።