በበጋ የሚለመልሙ ከተሞች፤ ነፋሲት፥ እምባትካላና ጊንዳዕ

አማርኛ የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያጠናቸው ቃላት ሁለቱ «ክረምት» እና «በጋ» ናቸው። ክረምት ማለት ዝናም የሚዘንብበት፥ በጋ ማለት ደግሞ ሰማይ ጠርቶ ምድር የሚደርቅበት ወራት ነው ተብሎ ይነገረዋል። ለደጋው አገር ይህ ትርጕም እውነት ነው። ነገር ግን ከአሥመራ ወደ ምፅዋ በሚወርደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው፥ ትርጕሙ በዚያ ስፍራ እንደማይሠራ በዓይኑ ያያል። በጥር ወር በላይ በደጋው ሣሩ ቢጫ ሆኖ ሳለ፥ ከታች ተራራው አረንጓዴ ለብሶ፥ ውሃውም በየሸለቆው ሲወርድ፥ ገበሬውም በሬውን ጠምዶ ሲያርስ ይገኛል።

በዚህ ቍልቍለት ላይ ነፋሲት፥ እምባትካላና ጊንዳዕ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ከተሞች አሉ። ስለ ኤርትራ የተራራ ከተሞች ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ከረንን ወይም ሰንዓፈን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከረን በተራሮች የተከበበች፥ በ1941 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት ታላቅ ውጊያ የተደረገባት፥ በአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥም የማርያም ምስል የሚገኝባት ዝነኛ ከተማ ናት። ሰንዓፈም በአጠገቧ የመጠራ ጥንታዊ ፍርስራሽና ሐውልት፥ ከእርሷም ብዙ ሳይርቅ 3,018 ሜትር ከፍታ ያለው የሶይራ ተራራ አላት። እነዚህን ለማየት የሚሄድ ሰው አስቦና ስንቁን ይዞ ይሄዳል። የቍልቍለቱን ሦስት ከተሞች ግን ሺህ ጊዜ ያለፈባቸው እንጂ አስቦ የሄደባቸው ሰው ጥቂት ነው። ለሥራ ጉዳይ ወደ ምፅዋ የሚወርድ ሠራተኛ በመኪናው መስኮት አይቷቸው ያልፋል፤ ተመልሶም ሲወጣ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይዞት ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው እንዲህ ያለው መንገደኛ አንድ ቀን ከመኪናው እንዲወርድ ለማግባባት ነው። (በጽሑፉ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።)

አስቀድመን ስለ ዝናሙ እንናገር፤ የእነዚህ ከተሞች ውበትም ኑሮም ከእርሱ የተነሣ ነውና። የደጋው ዝናም በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። የቀይ ባሕር ዳርቻ ዝናም ግን የሚዘንበው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ወራት ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ወደ ምዕራብ ሲነፍስ ከተራራው ግድግዳ ጋር ይጋጠማል፤ ወደ ላይ እየወጣም ሲቀዘቅዝ ጉምና ካፊያ ይሆናል። ቍልቍለቱ በሁለቱ አገሮች መካከል ስለሚገኝ በክረምት ከደጋው ዝናም፥ በበጋ ደግሞ ከባሕሩ ዝናም ድርሻውን ይቀበላል። በዓመት ሁለት ክረምት አለው ማለት ነው። ከሰረጀቃ ወደ ፍልፍል በሚወርደው ሌላ መንገድ የሚገኘው የሰለሙና ደንም የለመለመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሀብት አስቀድመው ያወቁት ጎብኝዎች ሳይሆኑ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ናቸው። በደጋው መከር ከገባና ሣሩ ከደረቀ በኋላ የሐማሴንና የአከለ ጉዛይ ሰዎች ከብታቸውን እየነዱ ወደዚህ ወደ ምሥራቁ ወገን መውረዳቸው የቈየ ልማድ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪው ይህን አገር «ባሕሪ» ይለዋል። ሁለተኛ እርሻቸውን በዚያ ያርሳሉ፤ ሁለተኛ ሣርም ለከብታቸው ያገኛሉ። ቈላው በሚቃጠልበት በክረምት ደግሞ የትግረና የሳሆ አርቢዎች በተራቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ በዚህ ተራራ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ሕዝብና ከብት ይተላለፋል። መንገዱ በአስፋልት ከመሠራቱና ሐዲዱ ከመዘርጋቱ እጅግ አስቀድሞ የነበረው መንገድ ይኸው የከብቶች መንገድ ነው።

አሁን ጉዞውን እንጀምር። ከአሥመራ ምሥራቃዊ ዳርቻ እንደ ወጡ ሜዳው በድንገት ያልቃል። አሥመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ ከከተማዋ ጠርዝ ቁልቁል የሚመለከት ሰው በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ብዙ ጊዜ የሚያየው መሬትን ሳይሆን ከእግሩ በታች የተነጠፈ ነጭ ደመና ነው። የተራሮቹ ጫፎች ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። ሸግሪኒ የሚባለው ስፍራ በዚህ አጠገብ ነው፤ የስሙ ትርጕም በትግርኛ «አስቸገረኝ» እንደ ማለት ነው። ከቈላ በእግሩ ሲወጣ የዋለ መንገደኛ በዚህ ስፍራ ምን እንደሚል ለመገመት አያዳግትም። የአማርኛው «ቸገረ» እና የትግርኛው «ሸገረ» ዘመዳሞች መሆናቸውንም ተማሪው እዚሁ ልብ ይበል።

ከዚያ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በግራና በቀኝ የበለስ ቍጥቋጦ ይታያል። በለሱ መሠረቱ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ሲሆን፥ ወደዚህ አገር ያመጡት በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው ይባላል። ዛሬ ግን በዚህ ቍልቍለት ላይ ከጥንት የነበረ እስኪመስል ድረስ ገደሉን ሸፍኖታል። የሚበስለው በክረምት ነው፤ ስለዚህ በበጋ የሚሄድ ሰው አበባውንና ፍሬውን ሳይሆን እሾሁን ብቻ ያያል። ዝንጀሮዎችም በመንገዱ ዳር ተቀምጠው መኪና ይጠብቃሉ። ምግብ ባይጥሉላቸው ይሻላል፤ ከለመዱ በኋላ ከሕፃን እጅ መንጠቅ አያፍሩምና።

ነፋሲት ከአሥመራ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተራሮች ጉያ ተቀምጣለች። ስሟ ከ«ነፋስ» የመጣ ነው፤ ቃሉ በአማርኛም በትግርኛም አንድ ስለ ሆነ ትርጕም አያስፈልገውም። በሸለቆው አፍ ላይ የቆመ ሰውም ስሙ በከንቱ እንዳልተሰጠ ወዲያው ይረዳል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳር እስከ ዳር ትታያለች። ሆኖም የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ አሥመራ፥ አንዱ ወደ ምፅዋ፥ አንዱም በተራራው ጀርባ ወደ ደቀምሐረ ይሄዳል።

የነፋሲት ታሪክ ያለ ምድር ባቡሩ አይነገርም። ኢጣልያኖች ከምፅዋ በ1887 ዓ.ም. ሥራውን ጀመሩ፤ ሐዲዱ በ1904 ጊንዳዕ፥ በ1910 ነፋሲት፥ በ1911 አሥመራ ደረሰ። መላው መንገድ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከጊንዳዕ እስከ አሥመራ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍል ብቻውን ሰባት ዓመት ፈጅቷል። የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እንዲህ ጠባብ የሆነው በገደሉ ላይ በቀላሉ እንዲጠማዘዝ ነው። በአንዳንድ ስፍራ በየ100 ሜትሩ 3 ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል፤ ይህም ለባቡር እጅግ የከበደ አቀበት ነው። 30 ያህል ዋሻዎች ተፈልፍለዋል፤ ድንጋዩን የፈለጡትና የተሸከሙት እጆችም በብዛት የዚህ አገር ሰዎች እጆች ነበሩ።

ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን እነዚህ ከተሞች የሚያልፉባቸው ሳይሆኑ የሚቆሙባቸው ነበሩ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ መጠጣት አለበት፤ ውሃ ሲጠጣም መንገደኛው ይወርዳል፥ ሻይ ይጠጣል፥ ፍሬ ይገዛል፥ ወሬ ይጠይቃል። በ1970ዎቹ ዓመታት ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ባቡሩ ቆመ፤ ሐዲዱም ከነተሸካሚው እየተነቀለ ለምሽግ መሥሪያ ዋለ። ከነጻነት በኋላ ሥራው በ1990ዎቹ ዓመታት እንደገና ሲጀመር፥ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ያን የተበተነ ብረት ሰብስበው መንገዱን በእጃቸው መለሱት፤ በ2003 ዓ.ም. ሐዲዱ ዳግመኛ አሥመራ ደረሰ። ይህ ሥራ ከማንኛውም የተራራ ገጽ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ነው ባይ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው የእንፋሎት ባቡር ጎብኝዎችን ይዞ ከአሥመራ ወደ ነፋሲት ሲወርድ ታይቷል፤ ነገር ግን በየቀኑ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር አልሆነም። የሚመላለሰው አውቶቡስና የጭነት መኪና ነው፤ እርሱም ውሃ ሊጠጣ አይቆምም። የነፋሲት ባለ ሻይ ቤት የሚጠብቀው እንግዲህ በፈቃዱ የሚቆመውን ሰው ነው።

ከነፋሲት በላይ ደብረ ቢዘን ይታያል። ገዳሙን በ14ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ ፊልጶስ ናቸው። በተራራው ራስ ላይ ስለሚገኝ አቀበቱን ብርቱ እግረኛ በሁለት ሰዓት ያህል ይወጣዋል፤ ሌላው ሰው ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በብራና የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት የሚገኙበት ዝነኛ ገዳም ነው፤ ሰማዩ ሲጠራም ከዚያ ላይ ቀይ ባሕር ይታያል። ወደ ገዳሙ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰውም ከአሥመራ ለመውጣት የሚያስፈልገውን የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይወጡም፤ ሥርዓቱ ከጥንት የጸና ነው። ስለዚህ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የወጣ ሰው ደብረ ቢዘንን ለሌላ ቀን ቢያቈየው መልካም ይሆናል። እመቤቲቱን በሻይ ቤት አምስት ሰዓት አስቀምጦ ተራራ መውጣት ለነፍስ ቢጠቅም እንኳ ለቤት ሰላም አይጠቅምም።

እምባትካላ ከነፋሲት በታች ናት። «እምባ» በትግርኛ ተራራ ማለት ነው፤ ከአማርኛው «አምባ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ ነገር ግን አማርኛው ቃል ሰው የሰፈረበትን መንደር ጭምር ያመለክታል። ይህች ከሦስቱ እጅግ ትንሿ ናት። እዚህ የሚታይ ሐውልት ወይም ታላቅ ሕንጻ አትፈልጉ። ከመንገዱ ዳር ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፥ ጉሙ በሸለቆው ሲወጣ መመልከት፥ ልጆችም እንዲሮጡ መፍቀድ ይበቃል።

ጊንዳዕ ሲደርሱ አየሩ ይለወጣል። ከአሥመራ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጕዘው ከ1,300 ሜትር በላይ ወርደዋልና፥ ጠዋት የለበሱት ካፖርት ይከብዳል። ጊንዳዕ ከ1,000 ሜትር ዝቅ ባለ ስፍራ፥ በተራሮች መካከል በተዘረጋ ለም ሸለቆ ላይ ትገኛለች፤ ከሦስቱ ትልቋም እርሷ ናት። በበጋ እርሻው አረንጓዴ ነው፤ በአትክልቱ ስፍራም ፍራፍሬ ይበቅላል። በገበያዋ ትግርኛ፥ ትግረና ሳሆ እኩል ይሰማሉ። ሻጩ የገዢውን ፊት አይቶ ቋንቋውን ይመርጣል፤ አንዳንዱም ዋጋውን በአንዱ ቋንቋ ተናግሮ በሌላው ይከራከራል። ቋንቋ በመማር ላይ ያለ ሠራተኛ ይህን ገበያ ቆሞ ቢያዳምጥ ብዙ ያተርፋል፤ እዚህ ያለው ነጋዴ ሰዋስው ሳያጠና ሦስት ቋንቋ የተማረው መሸጥ ስላለበት ነው።

የቤተ ሰብ ጉዞ ለማድረግ ለሚያስቡ ጥቂት ምክር እንጨምር። የሚሻለው ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ከአሥመራ ተነሥቶ፥ በነፋሲት ሻይ ጠጥቶ፥ በእምባትካላ ጥቂት አርፎ፥ ምሳን በጊንዳዕ መብላት ይቻላል። ጋቢና ቀላል ልብስ ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ቢኖር በፊተኛው ወንበር ይቀመጥ፤ ከመነሣቱ በፊትም ብዙ አይብላ፤ ሎሚም ይያዝለት። ገንዘብን በሚመለከት፥ ፍራፍሬውን ከአሥመራ ተሸክሞ መውረድ ሞኝነት ነው፤ በጊንዳዕ ይገዛ። እንቍላልና ሻይም በየከተማው አለ።

መመለሻው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከቀትር በኋላ ጉሙ ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ወገን ተነሥቶ በሸለቆው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከነፋሲት በላይ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድም ይሸፍናል። ስለዚህ ከጊንዳዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት መነሣት ይገባል። ዘግይቶ የተነሣ ሾፌርም በጉሙ ውስጥ ከመታገል በነፋሲት መኪናውን አቁሞ፥ መንገዱ እስኪገለጥ ድረስ ሁለተኛ ሻይ ቢያዝ ይሻለዋል።