አላዋቂ ጠጋኝ ዲስክ እንዳያበላሽ

ለመሆኑ ጥገና ሊያበላሽ ይችላል ወይ? «እንዴት ሆኖ!» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ይኸ የደረሰ ነገር ነው። ነገ ክፍል ይዘን የተማሪ ውጤትና የፈተና ጥያቄ በዲስክ ላይ ለምናስቀምጥ ሠልጣኝ መምህራን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ ይጽፍ የነበረውን ሳይጨርስ ይቆማል። ያን ጊዜ የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም ይጠራል። ሥራውም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መርምሮ ከደንብ የወጣውን ማስተካከል ነው። ታዲያ ደንቡን ከየት ያውቀዋል? በተሠራበት ጊዜ ከተሰጠው ነዋ! ስለዚህ ከእሱ በኋላ የመጣ አዲስ አሠራር ሲያጋጥመው ብልሽት ሊመስለው ይችላል።

እስቲ በሮስተር እንመልከተው። አንድ መምህር በሮስተሩ ላይ አዲስ ዓምድ ጨምሮ ውጤት ሞላበት እንበል። ስለ ዓምዱ ያልተነገረው ሌላ መምህር መጥቶ «ይኸ ስሕተት ነው» ብሎ በላጲስ ያጠፋዋል። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ውጤቱ ግን ጠፋ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል የዊንዶውስ 95ን ታሪክ እንውሰድ። ከዚያ በፊት በዶስ ላይ የፋይል ስም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ አይበልጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 እስከ 255 ፊደል የሚደርስ ስም ፈቀደ። በማውጫው ውስጥ አንዱ መስመር 32 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ረጅሙ ስም 13 ፊደል፣ 13 ፊደል እየተቆረጠ በተጨማሪ መስመሮች ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ዶስ እንዳይደናገርም በእነዚህ መስመሮች ላይ «አይጻፍበት»፣ «ስውር»፣ «የሲስተም» እና «የዲስክ ስም» የሚሉ አራት ምልክቶች በአንድነት ተደረጉ። አራቱ ምልክቶች በተለመደ ፋይል ላይ አብረው ስለማይገኙ ዶስ መስመሮቹን አልፏቸው ይሄዳል።

መደበቁ ለዶስ በቃ፤ ለመጠገኛው ግን አልበቃም። ከድሮዎቹ መጠገኛዎች መካከል ማውጫውን በቀጥታ አንብበው መስመሮቹን እንደ ብልሽት ቆጥረው የሚያጠፉ ነበሩ። የፋይሉ ይዘት ይተርፋል፤ ረጅሙ ስም ግን ጠፍቶ አጭሩ ብቻ ይቀራል። ከዚህም የተነሳ በዊንዶውስ 95 ሲዲ ላይ፣ ረጅሞቹን ስሞች ከጥገና በፊት አስቀምጦ በኋላ የሚመልስ አንድ ትንሽ መሣሪያ ተጨመረ።

ሊኑክስ በሚጠቀምበት፣ ኤክስት በሚባለው የፋይል አደራደር ደግሞ አዲሱ ነገር በግልጽ ይታወጃል። በዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ባለው ዋና መዝገብ ላይ ሦስት የምልክት ዝርዝሮች አሉ፦

አንደኛ፦ ምልክቱን የማያውቅ ሥርዓተ ክወና ዲስኩን ማንበብም መጻፍም ይችላል።
ሁለተኛ፦ የማያውቅ ያንብብ እንጂ አይጻፍ።
ሦስተኛ፦ የማያውቅ ጭራሽ አይክፈት።

ይኸ ለሥርዓተ ክወናው ነው። ለመጠገኛው ግን ሕጉ ይጠብቃል፤ ከሦስቱ በአንዱም ቢሆን የማያውቀው ምልክት ካገኘ ሥራውን ማቆም አለበት። ለምን ቢባል፣ ሥርዓተ ክወናው ያላወቀውን ሳይነካ ማለፍ ይችላል። መጠገኛው ግን እያንዳንዱን ቦታ «የማን ነህ?» እያለ ስለሚጠይቅ፣ ባለቤቱን ያላወቀለትን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ሊለቀው ይችላል።

በ2023 መጀመሪያ የወጣው የኤክስት መሣሪያዎች እትም 1.47.0 አዲስ በሚዘጋጅ ዲስክ ላይ «የወላጅ አልባ ፋይሎች መዝገብ» በራሱ እንዲበራ አደረገ። መዝገቡ ከማውጫ ተሰርዘው ገና በሥራ ላይ ያሉትን ፋይሎች ይይዛል፤ መብራት ቢጠፋ በኋላ ተለይተው የሚጸዱት በዚሁ ነው። ምልክቱ ያለው በአንደኛው ዝርዝር ስለሆነ የቆየ ሊኑክስ በደንብ የተዘጋውን ዲስክ ይከፍተዋል። የቆየው መጠገኛ ግን ቁጥር 12 የሆነውን ምልክት አላውቀውም፣ አዲስ እትም አምጡ ብሎ ይቆማል። ይኸ ሥራ ያስፈታል፣ ያናድዳልም። ቢሆንም ዲስኩ አልተነካም፤ የሚያውቅ ሲመጣ ይመረምረዋል። የጠፋ ውጤት ግን አይመለስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከጥገና በፊት የዲስኩን ቅጂ እንያዝ። መጠገኛው በመጀመሪያ ሳይጽፍ መርምሮ ብቻ እንዲነግረን እናድርግ፤ ለሚጠይቀው ሁሉ «አዎን» ማለት አይበጅም። አላውቅም ብሎ ሲቆም አዲሱን እትም እንፈልግ። ወደ ቆየ ኮምፒዩተር የሚሄድ ዲስክ ስናዘጋጅም አዲሱን ነገር አስቀድመን እናጥፋው።

ይኸ ጠባይ ለመምህር እንግዳ አይደለም። ተማሪው እኛ ባላስተማርነው ዘዴ ሒሳቡን ሠርቶ ቢያመጣ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት ዘዴውን ማወቅ አለብን።