ያለ ገዳይ የመጣ ሞት፦ የዊልያም ጎልዲንግ የባሕር ልብ ወለድ

እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልያም ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመውና በዚያው ዓመት የቡከር ሽልማትን ያገኘለት፣ በአማርኛ «የሽግግር ሥርዓቶች» ሊባል የሚችለው ልብ ወለድ፣ በመርከብ ላይ የደረሰን የአንድ ቄስ ሞት የሚመረምር ታሪካዊ የምሥጢር ድርሰት ነው። የርእሱ ሐረግ አርኖልድ ቫን ዤነፕ እ.ኤ.አ. በ1909 በፈረንሳይኛ ካሳተመው የሥነ ሰብ መጽሐፍ የታወቀ ሲሆን፣ ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ ወይም ሲሞት ከአንድ የኑሮ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸውን ሥርዓቶች ያመለክታል፤ መሻገርን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል የባሕር ጉዞንም ስለሚያመለክት ርእሱ ሁለት ፍቺ ይዟል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የናፖሊዮን ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ በሚጓዝ አሮጌ የጦር መርከብ ላይ ነው። መርከቡ ተሳፋሪና ጭነት እንዲይዝ ቢደረግም በባሕር ኃይል ሕግ ይተዳደራል፤ አዛዡ ካፒቴን አንደርሰን በሚቆምበት የኋለኛው ከፍተኛ ወለል ላይ ተሳፋሪ ሳይጠራ እንዳይቀርበው በጽሑፍ አዟል፣ በዋናው የሸራ ምሰሶ አጠገብ የተቀባ ነጭ መሥመር ደግሞ ጨዋ የሚባሉትን ተሳፋሪዎች ከመርከበኞቹና ለሠፈራ ከሚሄዱት ድሆች ይለያል። በዚህ ጠባብ ዓለም ውስጥ ያ መሥመር የአንድ አገር የመደብ ሥርዓት ሁሉ የተጠቀለለበት ምልክት ነው፤ ሟቹ ቄስ ኮሊ መሥመሩን ተሻግሮ ወደ መርከበኞቹ መሄዱም የጥፋቱ መነሻ ይሆናል።

የድርሰቱ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚታየው ምስክርነቱ በተከፋፈለበት መንገድ ነው። አብዛኛውን የሚተርከው በቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ለመሾም የሚጓዘው ወጣት ባላባት ኤድመንድ ታልቦት ሲሆን፣ የሚጽፈውም ለባለሥልጣኑ ክርስትና አባቱ በሚያዘጋጀው የዕለት ማስታወሻ ነው፤ ሆኖም መርከቡ የምድርን ወገብ ሲያቋርጥ መርከበኞች በልማዳቸው መሠረት ቄሱን እያዋረዱ ሲጫወቱበት፣ ታልቦት በራሱ ደስታ ተጠምዶ ነበርና አላየም። ከቄሱ ሞት በኋላ የተገኘው፣ ኮሊ ለእኅቱ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ ያንኑ ጉዞ ከተዋራጁ ወገን ያሳያል፤ አንባቢውም ቀደም ሲል ከታልቦት ጋር በቄሱ የሳቀበትን ስፍራ ሁሉ ተመልሶ በሐዘን እንዲያነብ ይገደዳል። ደብዳቤው ግን ከወሳኙ ቀን በፊት ይቋረጣል፤ ኮሊ ሰክሮ በመርከበኞች መካከል የፈጸመው፣ በኋላም በካቢኑ ተኝቶ አፉን ሳይከፍት እስኪሞት ድረስ ያሳፈረው ድርጊት የሚታወቀው በሌሎች አፍ ከተሰማ ወሬ ብቻ ነው።

የታሪኩ ፍሬ ከእውነተኛ ድርጊት የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ወደ ማኒላ በዘመተ የእንግሊዝ ጦር ውስጥ፣ በኋላ የዌሊንግተን መስፍን በተባለው አርተር ዌልስሊ ክፍለ ጦር የነበረ አንድ ቄስ ሰክሮ ራቁቱን በወታደሮችና በመርከበኞች መካከል ከታየ በኋላ፣ አዛዡ ራሱ ሊያጽናናው ቢሞክርም፣ ከሐፍረቱ ሳይነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቷል። ጎልዲንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል አገልግሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 በኖርማንዲ የማረፍ ዘመቻ ላይ ሮኬት የሚተኩስ ጀልባ ያዘዘ ሰው በመሆኑ፣ ወንዶች በአንድ ጠባብ ስፍራ ሲታጨቁ ሥልጣንና ፌዝ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ያውቅ ነበር፤ ታሪኩንም እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1989 ባሳተማቸው ሁለት ተከታይ መጻሕፍት ፈጽሞታል።

ቀሳውስትን የሚጠላው ካፒቴን አንደርሰን ያካሄደው ምርመራ የቄሱን ሞት በቀላል ትኩሳት የመጣ አድርጎ ይዘጋዋል። ይህ ውሳኔ ድርሰቱን ከተራ የምሥጢር ታሪክ በላይ ያደርገዋል፤ እውነቱ ለአንባቢ ከተገለጠ በኋላ በመርከቡ ላይ እንደገና ይቀበራልና። ታልቦትም ለቄሱ እኅት ሐሰት ብቻ የሞላበት የማጽናኛ ደብዳቤ ለመጻፍ ይወስንና፣ እውነተኛውን ደብዳቤ የያዘውን ማስታወሻ በሸራ ጠቅልሎ ሰፍቶ በመሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል።