ፎቶ ወይስ ሥዕል?

ደንበኞች ስለ ምስል መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የዋጋ ነው፤ የቱ ይረክሳል? ቀጥሎ የውበት ይመጣል፤ የቱ ያምራል? እኔ ከሁለቱም በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። አንባቢው ይህን ምስል አይቶ ምን እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው? «እውነት ነው» ብሎ እንዲያምን ነው ወይስ እያየ እንዲሠራ? ይህ ሳይለይ ሌይአውት አልጀምርም።

ለጤና ጣቢያ የሚዘጋጅ አንድ በራሪ ወረቀት ልውሰድ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦ.አር.ኤስ. እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያሳይ ነው። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ መልእክቱ ይኸው ነው። ፎቶ ካነሣን ካሜራው የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ሳይለይ ይሰበስባል፤ የእናትየዋን ነጠላ፣ የጠረጴዛውን ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር፣ የውኃውን ፋብሪካ ስም። ዐይን ከዚያ ሁሉ መሀል የውኃውን መጠን ፈልጎ ማግኘት አለበት። እዚህ ላይ መሳሳት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር ግማሽ ሊትሩም፣ አንድ ሊትሩም፣ ሁለት ሊትሩም ያው «ሃይላንድ» ነው። በግማሽ ሊትር የተበጠበጠው ጨዉ ይበዛና ልጁን ይጎዳል፤ በሁለት ሊትር የተበጠበጠው ይቀጥንና የሚፈለገውን ያህል አይረዳም። ሠዓሊው ግን የፋብሪካውን ስም ያስወግደዋል፤ ጠርሙሱን ከእናትየዋ እጅ ጋር አመጣጥኖ ይስለዋል፤ «1 ሊትር» የሚለውን ጎላ አድርጎ ይጽፋል፤ ፓኬቱ ምንም ሳይቀር ሲገለበጥ ያሳያል። ካላንደሩንም የጠረጴዛ ልብሱንም ይተዋቸዋል።

ሥዕል በራሱ ለሁሉም ግልጽ ነው ማለቴ አይደለም። ከአንጓው በላይ የማይታይ እጅ ለእኛ ለለመድነው «እንዲህ አድርገሽ ያዥው» ማለት ነው፤ የመመሪያ ሥዕል ማየት ላለመደ ሰው ግን የተቆረጠ እጅ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ እናትየዋ ሙሉ ሰውነቷ እንዲታይ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እጇ መጠጋት ይቻላል። ንድፉም ገና በእርሳስ እያለ ለሚጠቀሙበት እናቶች መታየት አለበት። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው ለይሉኝታ ብሎ «አዎ» ይላል። «እዚህ ላይ ምን እያደረገች ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው ጉድለቱ የሚወጣው። ሠዓሊውም ቢሆን ከጭንቅላቱ አፍልቆ እንዲስል አልፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ድርጊቱን ደረጃ በደረጃ ስትሠራ በስልክ ፎቶ ትነሣለች፤ ሠዓሊው ያንን እያየ ይስላል። የእጅ አያያዙም፣ የመቀመጫውም ከፍታ እውነተኛ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

«ሥዕል ለልጆች ነው፤ ቁም ነገር አያስመስልም» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። በዚህ ጉዳይ አጥብቄ እከራከራለሁ። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የመዘገበው የፍሎራ መጽሐፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል። ባለቀለም ፎቶ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ያም ሆኖ ተክሎቹን የሚያሳዩት በጥቁር መስመር የተሣሉ ሥዕሎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅጠል፣ አበባና የበሰለ ፍሬ በአንድ ቀን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አብረው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። ፎቶ የዚያን ዕለት የተገኘችውን አንዷን ተክል፣ ነፍሳት የበሉትን ቅጠሏን ጭምር ያሳያል፤ ሥዕሉ የዘሩን ሁሉ መለያ በአንድ ገጽ ያሰባስባል። ወደ ራሳችን ቤት ስንመጣ ደግሞ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል እየከፋፈሉ የሚስሉት ሠዓሊዎቻችን ለአዋቂ ነው የሳሉት። ተከታታይ ሥዕል ማንበብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ሥዕል የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህኛው የሙያ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ነው። ስለ ኤች.አይ.ቪ. ወይም ስለ ፌስቱላ በሚያስተምር ፖስተር ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ ሲወጣ፣ ሴትየዋ በሽታው ቢኖርባትም ባይኖርባትም፣ ያየ ሁሉ የእሷ ነው ብሎ ይወስዳል። ፈቅዳ ፈርማ ሊሆን ይችላል። ግን ያ ወረቀት ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ እንደሚቆይ፣ የሰፈሯ ሰው በሚታከምበት ጤና ጣቢያ እንደሚለጠፍ ማን ነግሯታል? የተሣለች ሴት ጎረቤት የላትም።

ማሳመን የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ግን ሥዕል ፎቶን አይተካም። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖች አዋጥተው ያሠሩት ክሊኒክ ሪፖርት በሥዕል ቢመጣላቸው ምን ይላሉ? የተመታው ቆርቆሮ፣ የገባው አልጋ፣ በር ላይ የቆመው ሰልፍ መታየት አለበት፤ ፎቶው ትንሽ ቢጠምም ግድ የለም። የምግብ ቤት ሜኑም እንደዚያው ነው፤ ዶሮ ወጥን ማንሣት ቢያስቸግርም የተሣለ ዶሮ ወጥ የማንንም ምራቅ አያመጣም።

ፎቶ ከተመረጠ ስለ ወረቀቱ ማሰብ የግድ ነው። ኦፍሴት ፎቶን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ ያትማል። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ ነጥቡ ይሰፋል፤ 50 በመቶ እንዲሸፈን የታሰበው ቦታ ከ70 በመቶ በላይ ተሸፍኖ ይወጣል። ቀድሞ የሚጎዳው የእኛ ጠይም ፊት ነው። ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ የታየው የዐይን ዙሪያና የጉንጭ ጥላ ሲታተም አንድ ጥቁር ይሆናል። ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ፊቱን ማፍካት፣ ናሙናውንም በዚያው ወረቀት ላይ አሳትሞ ማየት ያስፈልጋል። ጊዜው ካልበቃ በአንድ ወይም በሁለት ቀለም የተሠራ ሥዕል ይሻላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስልም ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክሰል ብቻ ሆኖ ይደርሳል፤ በ300 ዲ.ፒ.አይ. ሲታተም ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሽፋን አይበቃም። «እንደ ፋይል ላኩልኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ፎቶ የሚመስለው ሥዕል ነው። የአዲስ አበባ የአፓርታማ ማስታወቂያ ላይ የምናየው ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ ገና አልተሠራም፤ በኮምፒውተር የተሠራ ንድፍ ነው፤ የጠዋት ፀሐዩም ዛፉም አብረው ተሠርተዋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ምስሎችም መጥተዋል፤ ከበስተጀርባቸው ያለው የሱቅ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ፊደል ይመስላል እንጂ ሲጠጉት ከሀ እስከ ፐ የሌለ ቅርጽ ነው። ምናብን ለማሳየት ከሆነ አልቃወማቸውም፤ ሥዕል ናቸውና እንደ ሥዕል ይቅረቡ። የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚከፍል ሰው ግን የሚያየው የቆመ ቤት ይሁን የታሰበ ቤት የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምስል ሲሰጠኝ ከሥሩ «ንድፍ» የሚል ቃል ከዋጋው ጽሑፍ ባላነሰ መጠን እንዲገባ እጠይቃለሁ። የሚስማሙ አሉ። የማይስማሙትን ሥራ አልቀበልም።