የአንጀት ከረጢት ሲቆጣ መድኃኒቱ ሁልጊዜ አንቲባዮቲክ ነውን?

በአገራችን ሰው የሰማውን ምስጢር ላለማውጣት ሲፈልግ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ሆድ ግን የሰውን ምስጢር ብቻ ሳይሆን የራሱንም ደዌ ሰውሮ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የመረጥነው እንዲህ ያለውን ስውር ደዌ ነው። ሐኪሞች ዳይቨርቲኩላይቲስ ይሉታል። ስለዚህ በሽታ እንድንጽፍ ያነሣሣን የስሙ እንግዳነት አይደለም፤ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ያለ ጥርጥር ሲያዙት የቆዩትን መድኃኒት ራሳቸው መልሰው መርምረው፣ ለብዙው በሽተኛ አያስፈልግም ከማለት መድረሳቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ምንድን ነው?

ትልቁ አንጀት ግድግዳው ጡንቻ የሆነ ረዥም ቧንቧ ነው። የሰው ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ፣ ደም ሥሮች በግድግዳው አልፈው በሚገቡበት ደካማ ሥፍራ የውስጡ ሽፋን ወደ ውጭ እየተገፋ ትናንሽ ከረጢቶች ይፈጠራሉ። የብስክሌት ጎማ በሳሳበት በኩል የውስጡ ላስቲክ ብቅ እንደሚል ማለት ነው። ከረጢቶቹ ያሉበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሰማው ዕድሜውን ይፈጽማል።

ከረጢቱ ሲቆጣና ሲያብጥ ግን ሕመሙ ይጀምራል። ከእምብርት በታች በግራ በኩል የማያቋርጥ ውጋት ይነሣል፤ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ይከተላል። ትርፍ አንጀት በቀኝ በኩል እንደሚያም ሁሉ፣ ይህኛው በኤውሮፓና በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው በግራ ነው። በእስያ አገሮች ግን በቀኝም በኩል በብዛት ስለሚታይ ከትርፍ አንጀት ጋር ያሳስታል።

በሽታው ሁለት ዓይነት መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን። አንደኛው ቀላሉ ነው፤ ቍጣው ከአንጀቱ ግድግዳና ከአጠገቡ አያልፍም። ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ መግል ይቋጥራል፣ ወይም አንጀቱ ተበስቶ ቆሻሻው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ሁለቱን በእጅ በመዳሰስ ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል፣ ሐኪሞች ሲቲ ስካን በሚባለው የራጅ መሣሪያ የሆድን ውስጥ ያያሉ።

የቆየው ልማድ

ቀድሞ የሕክምና ሊቃውንት አሳብ እንዲህ ነበር፤ ከረጢቱ በደረቀ ዓይነ ምድር ይደፈናል፤ ግድግዳው በጥቂቱ ይበሳል፤ ጀርሞችም በቀዳዳው ያልፋሉ። ስለዚህ ጀርም የሚገድለው አንቲባዮቲክ ለማንኛውም በሽተኛ፣ ለቀላሉም ለከባዱም፣ ይታዘዝ ነበር። አሳቡ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰደውና ያልወሰደው በሽተኛ ጎን ለጎን ቆመው አልተመዘኑም ነበር። ልማድ ሕግ ሆኖ ኖረ።

ይህን ልማድ ለመፈተን የተነሡት የስዊድንና የአይስላንድ ሐኪሞች ናቸው። ውጤቱ በ2012 ዓ.ም. በታተመው ምርመራቸው፣ ቀላሉ ዓይነት በሽታ እንዳለባቸው በሲቲ ስካን የተረጋገጠ 623 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለ314ቱ አንቲባዮቲክ ሰጡ፤ ለ309ኙ ግን በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ብቻ ሰጥተው በቅርብ ጠበቋቸው። መግል የቋጠረባቸው ወይም አንጀታቸው የተበሳባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 3፣ ካልወሰዱት 6 ነበሩ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው የማያልፍ መሆኑ በስሌት ታወቀ። በሁለቱም ወገን ያለው በሽተኛ በሆስፒታል የተኛው እኩል 3 ቀን ያህል ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ተመልሶባቸው ሆስፒታል የገቡትም በሁለቱም ወገን ከመቶ 16 ያህሉ ናቸው።

አንድ ምስክር አይበቃም ቢባል ሁለተኛው ከሆላንድ መጣ። በ2017 ዓ.ም. የታተመው የሆላንድ ምርመራ 528 በሽተኞችን ይዞ ነበር። አንቲባዮቲክ የወሰዱት በ12 ቀን፣ ያልወሰዱት በ14 ቀን ገደማ አገገሙ፤ ይህም ልዩነት በስሌት ሲመዘን የሚቆጠር ሆኖ አልተገኘም። እንዲያውም መድኃኒቱን ያልወሰዱት ከሆስፒታል ቀድመው ወጡ። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የእስፓኝ ሐኪሞች በ480 ሰዎች ላይ እንዳሳዩት፣ ሕመሙ የቀለለለት ሰው ያለ አንቲባዮቲክ፣ ያውም በቤቱ ሆኖ፣ ሊታከም ይችላል።

ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ቀላሉ ዓይነት ሲሆን አንቲባዮቲክ ለሁሉም ሳይሆን እየተመረጠ እንዲሰጥ መከረ። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የቀላሉ ዓይነት መነሻ ከጀርም ወረራ ይልቅ የአንጀቱ መቆጣት ነው ወደሚለው አሳብ ያዘነብላሉ።

ታዲያ መድኃኒቱ ለማን ነው?

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት እንፈልጋለን። አንቲባዮቲክ ከንቱ ነው አላልንም። መግል ለቋጠረበት ሰው፣ አንጀቱ ለተበሳበት፣ ጀርሙ ወደ ደሙ ለገባበት፣ መድኃኒቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። መግሉ ጥቂት ሲሆን በመድኃኒቱ ብቻ ሊጠፋ ይችላል፤ ትልቅ ሲሆን በሲቲ ስካን እየታየ በመርፌና በቀጭን ቱቦ ይቀዳል፤ ቆሻሻው በሆድ ዕቃ ከተሠራጨ ግን ያለ ቀዶ ሕክምና አይሆንም። የሰውነታቸው የመከላከያ ኃይል የደከመባቸው፣ ይኸውም የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱና እነዚህን የመሰሉ ሰዎች፣ እንዲሁም እርጉዝ ሴቶች፣ ሕመሙ ቀላል ቢመስልም መድኃኒቱ ይታዘዝላቸዋል። ጨርሶ ያልታከመ ከባድ በሽታ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ጥያቄው «መድኃኒቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ሳይሆን «ይህ በሽተኛ ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለው ነው። ይህንም የሚለየው ሐኪም እንጂ በሽተኛው ወይም ጎረቤቱ አይደለም። ያለ አንቲባዮቲክ ወደ ቤቱ የተላከ ሰውም ተረሳሁ ብሎ አይዘን። የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል፤ ፈሳሽ በብዛት እንዲጠጣ ይነገረዋል። ትኩሳቱ ከጨመረ፣ ሆዱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ ግን ሳይውል ሳያድር መመለስ አለበት። አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች በዚህ በሽታ የመበሳትን አደጋ ስለሚጨምሩ፣ ሐኪም ሳይጠይቁ መዋጥ አይገባም።

ለምን ያሳስበናል?

አንቲባዮቲክ በከንቱ ሲወሰድ ዋጋ ያስከፍላል። ክፉውን ጀርም ብቻ ሳይሆን በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚዎችንም ይፈጃል፤ አንዳንዴም ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጀርሞች መድኃኒቱን መልመዳቸው ነው። ፔኒሲሊንን ያገኙት ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ሊቀበሉ ስቶክሆልም በሄዱ ጊዜ፣ መድኃኒቱ ያለ አግባብ ከተወሰደ ጀርሞች እንደሚለምዱት በንግግራቸው አስጠንቅቀው ነበር። ያስፈሩት አልቀረም፤ ሊቃውንት እንደ ገመቱት በ2019 ዓ.ም. ብቻ መድኃኒት በለመዱ ጀርሞች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሆዱን ሲቆርጠው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን የሚገዛ፣ ሲሻለውም የተረፈውን ለዘመዱ የሚያካፍል ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ያ ኪኒን ዛሬ ለማያስፈልገው ሲባክን፣ ነገ አንጀቱ ተበስቶ ለሚመጣው ወንድማችን ወይም እኅታችን ኃይሉን አጥቶ ይገኛል።

ስለ ምግብም አንድ ቃል እንጨምር። በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ዶክተር ዴኒስ ቡርኪት ከዶክተር ኒል ፔይንተር ጋር ሆነው በ1971 ዓ.ም. በጻፉት ጽሑፍ፣ በሽታው በአፍሪካ ገጠር እምብዛም የማይታየው ሕዝቡ አሰር ያለው ምግብ ስለሚበላ ነው ብለው ነበር። አሳባቸው ሙሉ በሙሉ ባይጸናም፣ አሰር ያለው ምግብ ከከረጢቱ ቍጣ እንደሚጠብቅ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ያመለክታሉ። ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል፤ ባቄላውና ምስሩም በማዕዳችን አለ። ከተማ ገባን ብለን ይህን በነጭ ዱቄት ዳቦ ብቻ ባንለውጠው መልካም ነው። ለውዝና ፈንዲሻ ከረጢቱን ያስቆጣሉ የሚለው የቆየ ምክር ግን፣ ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ18 ዓመታት ተከታትሎ በ2008 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ ሐኪም «አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም» ሲል ነፈገን ብለን እንዳናማው፣ «ያስፈልግሃል» ሲልም ቀኑን ሳናጓድል እንድንወስድ ነው። መድኃኒት እንደ ጎተራ እህል ነው፤ በጥጋብ ቀን የበተነው ሰው በችግር ቀን ባዶ ጎተራ ይከፍታል።